ማሽኑ ይሩጥ ወይስ ይረጋጋ? የቢትኮይን ቺፖች ፍጥነትና ማቀዝቀዣ ዳሰሳ

ለቢትኮይን ማይኒንግ የተሠራ ማሽን የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አንድን ቁጥር እየቀያየረ ኤስኤችኤ-256 በተባለው ስሌት ውስጥ ያሳልፋል፣ ውጤቱም ኔትወርኩ ካስቀመጠው ጣሪያ በታች መውረዱን ያያል። ካልወረደ ይጥለውና ሌላ ይሞክራል። የዛሬዎቹ ማሽኖች ይህን በሴኮንድ ከመቶ ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ያደርጉታል። ከዚህ ሁሉ ድካም የሚወጣው ዕድልና ሙቀት ነው፤ 3,250 ዋት የሚወስድ ማሽን 3,250 ዋት ሙቀት መልሶ ይተፋል። ስለዚህ ቺፑን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ በተለመደው አጠራር ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ እና ሙቀቱን ማስወገድ ከጅምሩ አንስቶ ተጣምረው የኖሩ ጥያቄዎች ናቸው።

ጉዳዩ ባብዛኛው የሚነሣው እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ነው። ቺፑ እስከ ምን ድረስ ይችላል? የትኛው ማቀዝቀዣ ይሻላል? ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የተከማቸው ማስረጃ ግን፣ በእኔ ንባብ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። ቺፑ የሚችለውና ባለቤቱን የሚያዋጣው በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነውም ባለቤቱን ያጠረው ነገር ነው፤ ማሽን ነው፣ ሜጋዋት ነው ወይስ ቅዝቃዜ። ይህን ሳይለዩ ስለ ፍጥነት መከራከር ፍሬ የለውም። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጨዋታ ወዳጆች የተወረሰ ልማድ

ቢትኮይን በጥር 2009 ሲጀመር ስሌቱ የሚከናወነው በተራ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ነበር። በ2010 ሥራው ወደ ግራፊክስ ካርድ ሲሻገር የካርዶቹ ባለቤቶች፣ ብዙዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታ ወዳጆች፣ ካርድን ከልኩ በላይ የማስሮጥ ልማዳቸውን ይዘው መጡ። ለጨዋታ ብሎ የሚያስሮጥ ሰው ግን የሚፈልገው ምስሉ እንዳይቆራረጥበት ነው፤ ጥቂት ሰዓት ተጫውቶ ያጠፋዋል፣ የመብራት ሂሳቡም አያሳስበውም። ማይኒንግ ሌት ተቀን የሚሄድ ሥራ ነው፤ ትልቁ ወጪውም መብራት ነው። ልማዱ ሲወረስ ይህ ልዩነት አብሮ አልተጤነም። ከልኩ በላይ መሮጥ በራሱ ትርፍ ነው የሚለው አስተሳሰብ እስካሁን ያልለቀቀን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

በግራፊክስ ካርድ ዘመንም ቢሆን ነገሩ አንድ ወጥ አልነበረም። ኢቴሪየም እስከ መስከረም 2022 ድረስ ይጠቀምበት በነበረው ስሌት ማነቆው የሜሞሪ ፍጥነት ነበር። ስለዚህ ብልሆቹ የሜሞሪውን ፍጥነት ከፍ፣ የዋናውን ቺፕ ቮልቴጅ ደግሞ ዝቅ አድርገው በአነስተኛ መብራት የበለጠ ያመርቱ ነበር። ቢትኮይን ላይ ይህ ብልሃት አይሠራም። ስሌቱ ሜሞሪን አይጠብቅም፤ ምርቱ ከቺፑ ፍጥነት ጋር በቀጥታ ይወጣል፣ በቀጥታ ይወርዳል። ስለ አንዱ ሳንቲም የተገኘ ልምድ ለሌላው ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ ብዙ ውዥንብር የሚፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለቢትኮይን ብቻ የተሠሩት ቺፖች ገበያ ላይ የወጡት በ2013 ነው። አቫሎን በ110 ናኖሜትር ቺፕ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የቢትሜይን አንትማይነር ኤስ1 በ55 ናኖሜትር ተከተለ። በ2016 የወጣው ኤስ9 በሦስት ሰሌዳ ላይ 189 ቺፖች ተሸክሞ አንድ ቴራሃሽ፣ ማለትም አንድ ትሪሊዮን ሙከራ፣ ለማምረት 98 ጁል ገደማ ይፈልግ ነበር። በ2020 ኤስ19 ፕሮ ይህን ወደ 29.5 ጁል፣ በ2023 ይፋ የሆነው ኤስ21 ደግሞ ወደ 17.5 ጁል አወረደው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከአምስት እጥፍ በላይ መሻሻል ማለት ነው። አሮጌ ማሽንን በማስሮጥ ይህን ያህል ርቀት የተጓዘ የለም፤ የትኛውም ማቀዝቀዣም አያስጉዝም።

ሆኖም የአሮጌዎቹ ባለቤቶች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ብሬንስ ኦኤስን የመሰሉ ከአምራቹ ውጭ የተዘጋጁ ፈርምዌሮች (ማሽኑን የሚመሩ ፕሮግራሞች) ከ2018 ጀምሮ ፍጥነትንና ቮልቴጅን በባለቤቱ እጅ አስገቡ፤ ዋጋው የአምራቹን ዋስትና ማጣት ነበር። በዚያው ዓመት ኤሲክቡስት የተባለው የሒሳብ ብልሃት በአምራቹ ፈርምዌር ሲፈቀድ ማሽኖች አንዱን የስሌት ክፍል ለብዙ ሙከራ እየተጋሩ መብራት መቆጠብ ቻሉ። ይህ ኦቨርክሎኪንግ አይደለም። ከፈርምዌር ለውጥ በኋላ የታየ መሻሻል ሁሉ የፍጥነት ውጤት እንዳልሆነ ግን በደንብ ያሳያል።

ቮልቴጁ የሚያስከፍለው

የቺፕ የኃይል ፍጆታ በዋናነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በፍጥነቱና በቮልቴጁ። ፍጥነቱ እንዳለ ይባዛል፤ ቮልቴጁ ግን በራሱ ተባዝቶ ነው ሂሳብ ውስጥ የሚገባው። ፍጥነት ብቻውን ቢጨመር ምርቱና ፍጆታው እኩል ስለሚያድጉ ለአንድ ቴራሃሽ የሚወጣው ጁል ባልተለወጠ ነበር። ችግሩ ቺፑ በፈጠነ ቁጥር ሳይሳሳት ለመሥራት ከፍ ያለ ቮልቴጅ መጠየቁ ነው። ሮበርት ዴናርድ በ1974 ባቀረበው መርሕ መሠረት ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ይወርድ ነበር። ይህ እስከ 2005 አካባቢ ከሠራ በኋላ ተዳከመ፤ የዛሬ ቺፖች ያቺን ጥቂት ቮልት በጣም የሚሳሱላት ለዚህ ነው።

አንድ ስሌት ብንሠራ ነገሩ ይጠራል። ኤስ19 ፕሮ በሴኮንድ 110 ቴራሃሽ በ3,250 ዋት ያመርታል። ፍጥነቱን በ20 ከመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁን በ10 ከመቶ መጨመር ያስፈልጋል እንበል። ምርቱ 132 ቴራሃሽ፣ ፍጆታው 4,719 ዋት ይሆናል። በአማካይ ሲታይ ለአንድ ቴራሃሽ የሚወጣው ከ29.5 ወደ 35.8 ጁል ከፍ አለ ማለት ነው፤ ይህ የሚቻል ይመስላል። የተጨመረው 22 ቴራሃሽ ለብቻው ሲታይ ግን የጠየቀው 1,469 ዋት ነው፤ አንዱ ቴራሃሽ ወደ 67 ጁል ይፈጃል። ባለቤቱ አዲስ የገዛው ምርት ከነባሩ በሁለት እጥፍ የከፋ ማሽን ያመረተው ያህል ነው። የኦቨርክሎኪንግ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ አማካዩን ያሳያል። ውሳኔ የሚሰጠው ግን በጭማሪው ላይ ነው፤ በዚህ ክርክር ከሁሉ በላይ የተዘነጋውም ይህ ልዩነት ነው።

ወደ ታች ሲኬድ ሂሳቡ ይገለበጣል። ፍጥነቱ በ20፣ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ቢቀነስ 88 ቴራሃሽ በ2,106 ዋት ይገኛል፤ በአንድ ቴራሃሽ 24 ጁል ገደማ። ማሽኑ አንድ እርምጃ ወደ አዲሱ ትውልድ ተጠጋ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የቺፖች አለመመሳሰል ይገባል። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሲሊከን የወጡ ቺፖች ጥንካሬያቸው አንድ አይደለም። በሰሌዳው ላይ በቡድን ተከታትለው ስለተያያዙ ለእያንዳንዱ የተለየ ቮልቴጅ መስጠት አይቻልም፤ የተለየ ፍጥነት መስጠት ግን ይቻላል። ራሱን የሚያስተካክል ፈርምዌር የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ብርቱውን ያስሮጠዋል፣ ደካማውን ያሳርፈዋል። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ያለ ምንም ተጨማሪ ቮልቴጅ ስለሚመጣ፣ ከኦቨርክሎኪንግ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ተገቢ አይመስለኝም።

አየር፣ ዘይት፣ ውሃ

ሙቀትን የማስወገድ ታሪክ ከቢትኮይን በፊት ይጀምራል። በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ሱፐር ኮምፒውተር ፍሎሪነርት በተባለ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ ነበር። ማይኒንግ ውስጥ ፈሳሹ ቀድሞ የገባው በ2013 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው፤ አላይድ ኮንትሮል የተባለ ኩባንያ ኖቬክ የተባለ ፈሳሽ ቺፑ ላይ እየፈላ ሙቀቱን በእንፋሎት የሚወስድበትን ዘዴ ሠራ። በ2015 ቢትፊዩሪ ኩባንያውን ጠቅልሎ ዘዴውን ጆርጂያ ወዳለው 40 ሜጋዋት ማዕከሉ ወሰደው። ዘዴው በቴክኒክ ረገድ የሚደነቅ ነበር፤ መጨረሻውን የወሰነው ግን ቺፑ አይደለም። ፈሳሹ አካባቢ ውስጥ ከማይበሰብሱት የፍሎሪን ውህዶች ወገን ሲሆን፣ አምራቹ 3ኤም በታኅሣሥ 2022 እነዚህን ውህዶች ማምረት እስከ 2025 መጨረሻ እንደሚያቆም አስታወቀ።

ዛሬ ፉክክሩ በሦስት መካከል ነው፤ በፋን የሚነዳ አየር፣ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የሚነከርበት የማይፈላ ዘይት፣ እና ቺፑ ላይ በተለጠፈ ብረት ውስጥ የሚዞር ውሃ። በይዘት ሲለካ ውሃ ከአየር ወደ 3,500 እጥፍ የሚሆን ሙቀት ይሸከማል፤ ዘይት ከዚያ ያንሳል፣ ከአየር ግን አሁንም ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። አየር ሌላም ዕዳ አለበት። የፋን የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን በሩብ ገደማ ብቻ መጨመር ፍጆታውን እጥፍ ያደርገዋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ማሽንን ከልኩ በላይ የሚያስሮጥ ሰው ቺፑ ላይም ፋኑ ላይም ይከፍላል።

ፈሳሽ ለቺፑ የሚያደርገው ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ተጋንኖ ይነገራል። የቀዘቀዘ ቺፕ የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ ስለሚያንስ በዚያው ፍጥነት ጥቂት መብራት ይቆጥባል፤ ይህ እውነት ነው። በፍጥነት ላይ ያለውን የቮልቴጅ ዕዳ ግን አያስቀርም። ማቀዝቀዣው ቺፑ ሳይቃጠል ዕዳውን እንዲሸከም ያደርገዋል እንጂ ዕዳውን አይከፍልለትም። ደግሞም መቀዝቀዝ ገደብ አለው። በጣም ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ የሚሠሩ ትራንዚስተሮች ሲቀዘቅዙ ይዘገያሉ፤ በክረምት አገሮች ማሽኖች ሲበርዳቸው አልነሣም የሚሉትና ኦፕሬተሮች ፈሳሹን ቀድመው የሚያሞቁት በዚህ ምክንያት ነው። ፍጥነቱን ቀንሶ መብራት መቆጠብ የመረጠ ሰው ለብ ያለ ቺፕ ቢኖረው የሚጎዳው ነገር ትንሽ ነው።

የአየር ጉዳይ ለኢትዮጵያ ደጋ የተለየ ክብደት አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት የሚሸከመው አየር በክብደት ያንሳል። የአንትማይነር ኤስ19 መግለጫ ማሽኑ ከ2,000 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ እንዲሠራ፣ ከ900 ሜትር በላይም በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የአየር ሙቀት ጣሪያ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲቀንስ ያዛል። በልኩ ለሚሠራ ማሽን የጣሪያው መውረድ አያሳስብም፤ ጣሪያው 40 ዲግሪ ሆኖ የደጋው አየር ከዚያ በብዙ ስለሚያንስ ብርዱ የከፍታውን ጉድለት ይሸፍናል። የሚያሳስበው ለሚያስሮጠው ነው። ከብርዱ የሚገኘውን ትርፍ አቅም ከፍታው ቀድሞ ወስዶበታል። የደጋው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ለኦቨርክሎኪንግ የተመቸ ነው የሚለው ክርክር ግማሹን ብቻ ያየ ነው።

የማሽኑ ዕድሜ

በጣም የሚያከራክረው ነጥብ ይህ ነው፤ እልባትም አላገኘም። ከልኩ በላይ የሚሮጥ ቺፕ ዕድሜው እንደሚያጥር ማንም አይክድም። ጄምስ ብላክ በ1969 ያወጣው ቀመር እንደሚያሳየው፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት በቺፑ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የብረት መስመሮች አተሞች ቀስ በቀስ ይገፋል፤ ፍሰቱም ሙቀቱም በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይፋጠናል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የተለመደ አባባል ግን ለሁሉም ብልሽት የሚሠራ ሕግ አይደለም። ማሽኖችን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ቺፑ ራሱ አይደለም፤ የኃይል አቅርቦቱ፣ ብየዳው፣ አቧራው፣ የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ነው። አንትማይነር ኤስ17 ብዙ ቅሬታ የቀረበበት ሙቀት አስተላላፊው ብረት ከቺፑ ላይ እየለቀቀ ስለነበር ነው፤ ሲሊከኑ አላረጀም ነበር።

የዘይት ማቀዝቀዣ ደጋፊዎች አቧራና የሙቀት መፈራረቅ ስለሚቀሩ ዕድሜ ይረዝማል ይላሉ፤ አሳማኝ ምክንያት ነው። ነገር ግን ማስረጃው ባብዛኛው ከገንዳና ከፈሳሽ ሻጮች የመጣ ነው፤ በዚያው ገንዳ ውስጥ ማሽኑ ከልኩ በላይ እንዲሮጥ የሚመክሩትም እነሱ ናቸው። ሁለቱ ተስፋዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከፈሳሹ የተገኘውን የዕድሜ ትርፍ ፍጥነቱ መልሶ ይበላዋል፤ በምን ያህል እንደሚበላው ለማወቅ በልኩ የተነከሩና ከልኩ በላይ የተነከሩ ማሽኖች ለዓመታት ጎን ለጎን መመዘን ነበረባቸው። ማሽኖቹ ግን ከመበላሸታቸው በፊት አዲሱ ትውልድ ስለሚያስረጃቸው ሙከራውን እስከ መጨረሻ የሚያደርሰው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ራሱ ለአንደኛው ወገን መከራከሪያ ሆኗል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሚጣል ማሽን ስድስት ዓመት መቆየት ምን ይጠቅመዋል? መልሱ የመብራት ዋጋ ነው፤ መብራት ርካሽ በሆነበት ቦታ ማሽን ቶሎ አይጣልም፣ ስለዚህ ዕድሜው ዋጋ አለው።

ያጠረው የቱ ነው?

ራዮት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥቅምት 2021 ቴክሳስ ሮክዴል ውስጥ 200 ሜጋዋት ያህል ማሽን በዘይት እንደሚነክር ሲያስታውቅ ምርቱ በ25 ከመቶ ገደማ እንደሚጨምር፣ እስከ 50 ከመቶም ሊደርስ እንደሚችል ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት ይህ ሞኝነት አልነበረም። ቻይና ማይኒንግን ከከለከለች በኋላ የማሽን ገበያው ተናግቶ አዲስ ማሽን ለአንድ ቴራሃሽ ወደ 100 ዶላር ይሸጥ ነበር። ያጠረው ማሽን ስለሆነ ካለው ላይ ተጨማሪ ምርት መጭመቅ ልክ ነበር። በ2022 መጨረሻ ግን ያው ዋጋ ወደ 20 ዶላር ገደማ ወረደ፤ ገንዳዎቹ ተሠርተው ሳያልቁ የተሠሩበት ምክንያት ተነነ። በዚያው ሰሞን የመታው የክረምት ማዕበል ደግሞ የሁለት ሕንፃዎችን የማቀዝቀዣ ቧንቧ ጎድቶ ብዙ ማሽኖችን ከሥራ አወጣ።

ሁለተኛው ሚዛን የመብራት ዋጋ ነው። ከሚያዝያ 2024ቱ ሃልቪንግ (የሽልማቱ በግማሽ መቀነስ) በኋላ የአንድ ብሎክ፣ ማለትም የአንድ የተሳካ ሙከራ፣ ሽልማት ወደ 3.125 ቢትኮይን ሲወርድ፣ አንድ ቴራሃሽ በቀን የሚያስገባው ባብዛኛው ከ4 እስከ 6 የአሜሪካ ሳንቲም ሆነ። ከላይ ያየነው ተጨማሪ ቴራሃሽ በ67 ዋት በቀን 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ኪሎዋት ሰዓቱ 7 ሳንቲም በሆነበት አገር ወጪው 11 ሳንቲም ስለሚደርስ ግልጽ ኪሳራ ነው። በ3 ሳንቲም ግን 5 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ገቢና ወጪ ይተካከላሉ፣ ዋጋ ሲሻሻል ትርፍ ይታያል። ኦቨርክሎኪንግ የርካሽ መብራት አገሮች ፈተና የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ለእነዚህ ደንበኞች ሲሸጥ የቆየው በዚህችው 3 ሳንቲም አካባቢ ነበር።

ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሁሉም ቢያስሮጥ ኔትወርኩ በየ2,016 ብሎኩ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ስሌቱን ስለሚያከብደው ማንም አይጠቀምም ይባላል። በጥቅሉ ትክክል ነው፤ የሚወጣው ቢትኮይን አይጨምርም፣ የሚጨምረው የሚቃጠለው መብራት ነው። ነገር ግን ይህ አንድን ባለቤት አይመልሰውም። የእሱ ድርሻ ከዓለሙ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ ጭማሪው ኔትወርኩን ሳያነቃንቅ ለእሱ ይገባል። ስለዚህ ክርክሩ ለሥነ ምግባር ወይም ለፖሊሲ ይጠቅማል፤ ለባለ ማሽኑ ውሳኔ ግን ጭማሪው ከሚያስከፍለው በላይ የሚነግረው የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩን የለወጠው ከዋጋው ይልቅ ገደቡ ነው። በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ኃይል ውል የተፈራረማቸው 21 ማይነሮች እንደነበሩና ከእነሱም 19ኙ ቻይናውያን እንደሆኑ ተዘግቦ ነበር። በ2025 ተቋሙ አዲስ ፈቃድ መስጠት እንዳቆመ አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ ገና መብራት ባልደረሰበት አገር ውሳኔው ምክንያት አለው። ለባለ ውሎቹ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ከአሁን በኋላ ያጠረው ሜጋዋት ነው። አንድ ሜጋዋት ላይ በልካቸው የሚሠሩ 307 ኤስ19 ፕሮ ቢቆሙ 33,770 ቴራሃሽ ይገኛል። ከልካቸው በላይ ቢሮጡ የሚቆሙት 211 ብቻ ሆነው ምርቱ ወደ 27,850 ይወርዳል። ቀንሰው ቢሠሩ 474 ቆመው 41,700 ያመርታሉ። ማሽኑ ረክሶ፣ መስመሩ ተወስኖ፣ የተከፈተው መንገድ ማዝገም ነው፤ ከልክ በላይ ማስሮጥ የሚያዋጣው የተፈቀደለትን ሜጋዋት ለመሙላት ማሽን ለጎደለው ብቻ ነው።

የቀሩት ጥያቄዎች

የቀረው ክርክር ወደ ሙቀቱ ራሱ ተዛውሯል። በውሃ የሚቀዘቅዙ ማሽኖች ውሃውን ለቤት ማሞቂያ በሚበቃ ሙቀት ስለሚመልሱት፣ ቆሻሻ ተብሎ ሲጣል የኖረው ሙቀት ሸቀጥ ሊሆን ይችላል። ማራ የተባለው ኩባንያ በሰኔ 2024 ፊንላንድ ሳታኩንታ ውስጥ 2 ሜጋዋት ማሽን 11,000 ሰዎች ለሚኖሩበት አካባቢ ማሞቂያ ማዋሉን አስታውቋል። እዚያ ውሃው ሞቆ መውጣቱ ራሱ ዋጋ ስላለው ቺፑን ማቀዝቀዝና ሙቀቱን መሸጥ ይፎካከራሉ፤ ቺፑ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚሸጠው ውሃ ይረክሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለቤት ማሞቂያ የሚሆን የቧንቧ መረብ የለም፤ ሙቀቱ ዋጋ የሚያገኘው እህል ወይም ቡና ለማድረቅ ቢውል ነው። ለዚህ ግን በአየር የሚሠሩ ኮንቴይነሮች በውሃ ወደሚሠሩ መቀየር አለባቸው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ባለ ማሽኑ ይሁን ሙቀቱን የሚጠቀመው አካል አልተለየም።

ሌላው ታሪፉ ነው። ክፍያው በኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሲሰላ ሻጩ ብዙ የሚበላ ማሽንን ይወዳል፤ አንድ ብር ለማምረት ምን ያህል መብራት ጠፋ የሚለው አያሳስበውም። ለተያዘው ሜጋዋት ቋሚ ክፍያ ከተጨመረ ግን ባለ ማሽኑ እያንዳንዱን ዋት ለማስላት ይገደዳል፣ ቺፑንም ያረጋጋዋል። የዘይትና የውሃ ማቀዝቀዣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያዋጣ እንደሆነ ከማንኛውም የቺፕ ትውልድ ይልቅ የሚወስነው፣ ነባሮቹ ውሎች ሲያበቁ የሚጻፈው ታሪፍ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚከተል ነው።